ሪራ ያልደረሰችው መኪና

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው ከዶሎ መና ቡና ጭኖ የሚመጣ የአይሱዙ ሾፌር ነው። በሳነቴ አምባ ላይ፣ ከጎባ ወደ ሪራ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ አንዲት ነጭ ፒካፕ በክሪክ ተነስታ ቆማለች። ከጎማው ሥር አንድ ሰው አጎንብሷል።

«ጎማ የሚቀይር መስሎኝ ላግዘው ወረድኩ» አለ ሾፌሩ። «ጋሼ፣ ሰላም ነው? ብለው ዝም። ትከሻውን ስነካው ወደ ጎን ወደቀ።»

ኢንስፔክተር ሸዋርጋ መሸሻ ከመኪናዋ ስትወርድ ነፋሱ ቆቧን ሊነጥቃት ታገለ። ኅዳር 2003 ዓ.ም.፣ ቀኑ ሐሙስ ነበር። ቆላው ሁሉ ፀሐይ ሲሞቅ ሳነቴ ላይ ውሃው ጠርዝ ጠርዙን በረዶ ይዟል። ረዳቷ ሳጅን ጫሊ ሬሳውን ቀና አድርጎ ፊቱን ሲያሳያት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ያውቁታል እንዴ?»

«ቲቸር ኃይለልዑል ነው» አለች። «ጎባ አስተምሮኛል።»

ኃይለልዑል ጡረታ ከወጣ ወዲህ የጉርሙ ፋውንዴሽን ሥራ አስኪያጅ ነበር። ጉርሙ ማለት ኅብረት ነው፤ የደጋው ሰው ካለው ላይ አዋጥቶ በየአካባቢው ያሉትን ማኅበራት የሚደግፍበት ድርጅት። በሮቤና በጎባ እሱን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሸዋርጋ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ሥራዋን ጀመረች። የተመታው ማጅራቱን ነው። ደም የነካው ድንጋይ እዚያው አጠገቡ ተጥሏል። የጎማ መፍቻው ከእጁ አልወጣም፤ አንዱ ብሎን ገና አልጠበቀም።

«ሽፍታ ይሆን?» አለ ጫሊ።

«ሽፍታ ቦርሳውን ትቶ ይሄዳል? ስልኩም ቁልፉም መኪናው ውስጥ ነው።» ሬሳውን እንደገና ተመለከተችው። «ይልቅ ይሄን እየው። በዚህ ብርድ በሹራብ ብቻ ነው።»

«ካፖርቱን ወስደውበታል ማለት ነው።»

«ገንዘብ ትቶ ካፖርት የሚወስድ ማነው?»

ጫሊ የመኪናዋን የፊት በር ከፈተ። በተሳፋሪው ወንበር ሥር የብስኩት ወረቀት ወድቋል። ከኋላ ያለውን ሸራ ሲገልጡ አዲስ የማዋለጃ አልጋ፣ ፍራሾችና ብርድ ልብሶች አገኙ።

«ለሪራ የእናቶች ማቆያ ነው» አለ ጫሊ ቀስ ብሎ። «ስንት ዓመት ሲለምኑ የነበረው።»

ሸዋርጋ ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልላ አነሳችው። ከባድ ነበር። ይህን ያደረገውን ሰው ባገኘው ብላ አሰበች፤ ከዚያ በኋላ ያሰበችው ለፖሊስ የሚገባ አልነበረም።

*

ጎባ፣ በኃይለልዑል ግቢ ድንኳን ተተክሏል። ሚስቱ እኅተማርያም ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም። ሸዋርጋን ስታይ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች።

«እትዬ፣ ብርታቱን ይስጥዎት። ዛሬ መጠየቅ ባይኖርብኝ...»

«ጠይቂ። ለዚህ አይደል የመጣሽው።»

«ሲወጣ ካፖርት ለብሶ ነበር?»

«ጥቁሩን። እኔ ነኝ ያለበስኩት፤ ሳነቴን መቼ አጣሁት።»

«ብቻውን ነበር?»

«ብቻውን። ሾፌሩ ለዓረፋ ፈቃድ ወጥቷል። ዕቃው ከደረሰ አንድ ቀን አያድርም ብሎ ሄደ።»

«መንገድ ላይ ብስኩት ይበላል?»

እኅተማርያም ቀና ብላ አየቻት። «ስኳር አለበት እኮ። ብስኩት እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

እንግዲያው መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው ነበር።

«ጠላት ነበረው?»

«ለሰው የሚሰጥ ሰው ጠላት አያጣም። ላንዱ ሲሰጥ ሌላው ይቀየማል። የሪራው ጀሊል አለ፤ ሚስቱ ኢፍቱ ከነልጇ ምጥ ላይ የሞተችበት። አምና በስብሰባ መሐል ተነስቶ የሚስቴ ደም አንተ ላይ ነው ብሎታል።» ትንፋሿን ሳበች። «ዓብዱልፈታሕም አለ። የቦርዱ ሊቀ መንበር። ሰሞኑን ስልክ ላይ ሲጨቃጨቁ ነበር። ያ አምቶ የማያውቅ ሰው ስልኩን ዘግቶ ሌባ ነው አለኝ።»

ሸዋርጋ ልትነሳ ስትል እኅተማርያም ክንዷን ያዘቻት። ጣቶቿ ጠንካሮች ነበሩ።

«ገዳዩን ስትይዢ ከማንም በፊት ለኔ አሳይኝ።»

«ምን ሊያደርጉት ነው እትዬ?»

«ፊቱን ልየው። ማልቀስ እንኳን ያቃተኝ ፊቱን ስላላየሁት ነው።»

*

የፋውንዴሽኑ ቢሮ ሮቤ፣ ከመናኸሪያው በላይ ነው። እዚያ የጠበቀቻት ሰቢሪና ናት፤ የጤና ጣቢያ ነርስና የቦርዱ አባል። ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል።

«አሠራራችሁን ንገሪኝ» አለቻት ሸዋርጋ። «ለማን እንደሚሰጥ ማነው የሚወስነው?»

«የሲናና ገበሬ በየመከሩ ስንዴ ያወርዳል። ነጋዴውም ውጭ ያለውም የየአቅሙን ይሰጣል። ማኅበራት ያመለክታሉ። እኛ ቦታው ድረስ ሄደን እናያለን፤ ቦርዱ እጅ አውጥቶ ይወስናል። በዓመቱ የጉርሙ ቀን፣ ሰጪውም ተቀባዩም ባለበት አዳራሽ፣ ለማን እንደተሰጠ ይነገራል።»

«ሪራንስ አይታችኋል?»

«እኔና ቲቸር ነን የሄድነው። ሆስፒታሉ ጎባ ነው፤ ሪራ ከሳነቴ ማዶ። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ነው አምባውን የሚያሻግሯት። እዚያው መንደራቸው ማቆያና ማዋለጃ ይኑራቸው፣ አዋላጅ እንመድባለን አልን።» ሰቢሪና ከንፈሯን ነከሰች። «እጅ አውጡ ሲባል ሁለታችን ብቻ አወጣን። እኔና እሱ።»

«ማን ተቃወመ?»

«ዓብዱልፈታሕ። ሪራ ሩቅ ነው፣ ሥራችን ሰው በሚያየው ቦታ ይሁን አለ። ሌሎቹ ተከተሉት። ድጋፉ ጎባ ላለ የወላጅ አልባ ልጆች ማኅበር ሄደ። ማኅበሩን የሚመራው የዓብዱልፈታሕ አማች ነው። በዚያው ክረምት ኢፍቱ ሳነቴ ላይ ሞተች።»

«ማኅበሩስ ይሠራል?»

«ልናይ ስንሄድ ቤቱ በልጅ ይሞላል። ዘንድሮ ቲቸር ሳይናገር ሄደ። ባዶ ቤት። ጎረቤቱን ሲጠይቅ ልጆቹ እናት አባት ያላቸው የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ለጉብኝት ቀን ይሰበሰባሉ። በጉርሙ ቀን ለሕዝቡ ሊናገር ነበር። ለሪራም ዘንድሮ በግድ አስወሰነ።»

«ዓብዱልፈታሕ ይህን ያውቃል?»

«ፊት ለፊት ነግሮታል። ቲቸር ከጀርባ አይናገርም።»

ሸዋርጋ ከቢሮው ስትወጣ ጫሊ ፊቷን አይቶ፣ «አገኙት እንዴ?» አላት።

«አግኝቼዋለሁ። አሁን የቀረኝ እዚያ እንደነበረ ማረጋገጥ ነው።»

*

ሲናና ላይ ስንዴው ደርሷል። ኮምባይነሩ አቧራውን እያጨሰ ወዲያና ወዲህ ይላል። ዓብዱልፈታሕ እርሻው ዳር፣ በስንዴ ማዳበሪያዎች መካከል ቆሞ ሠራተኛ ያዛል። ስንዴ፣ ማርና ቡና ይነግዳል፤ ኮምባይነሩንም የሚያከራየው እሱ ነው።

«ኢንና ሊላሂ» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ወንድሜን ነው ያጣሁት ኢንስፔክተር።»

«ኦቦ ዓብዱልፈታሕ፣ ሐሙስ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከፈጅር ሶላት ጀምሮ ከዚህ አልተንቀሳቀስኩም። ያን ሁሉ ገበሬ ጠይቂ።»

ጠየቀች። ኮምባይነሩ በዚያ ጠዋት ተበላሽቶ ስለነበር ዓብዱልፈታሕ ከመካኒኩ ጋር ሲሟገት ያላየው ሰው የለም። አማቹም እዚያው ነበር፤ መካኒኩን ከሮቤ ያመጣው እሱ ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ እንዲያውም እየሳቁ፣ «ጩኸቱ ሮቤ ሳይሰማ አይቀርም» አሏት።

ጥርሷን ነክሳ ተመለሰች። ዓብዱልፈታሕ መኪናዋ ድረስ ሸኛት።

«ልጄ፣ ነገሩን አታወሳስቢው። ጀሊል በሺ ሰው ፊት ዝቷል። ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ምን እንደሚያደርግ አንቺ አታውቂም?»

«የሪራን ጥያቄ የተቃወሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ቦርድ ነው የወሰነው» አለ። «ቦርድ ፊት የለውም።»

*

ጀሊልን የያዙት ሮቤ መናኸሪያ፣ ከጊኒር ከመጣ አውቶቡስ ሲወርድ ነው። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው፤ ማር ነው ሥራው። በእጁ የሼክ ሁሴን ተሳላሚዎች የሚይዙት ባላ በትር አለ። ሊሮጥም ሊከራከርም አልሞከረም።

«ሚስቴን በልቶ እሱም ሞተ?» አለ ወሬውን ሲነግሩት። «አላህ ፈራጅ ነው።»

«የፈረደው አላህ ነው ወይስ አንተ?» አለችው ሸዋርጋ።

«እኔ ሼክ ሁሴን፣ ዚያራ ላይ ነበርኩ።»

«ዚያራ የሄደ ሁሉ ደርሷል ማለት አይደለም። መንገድ ላይ መመለስ ይቻላል።»

«ደርሻለሁ። እንዲያውም ታምሜ እዚያው ጤና ጣቢያ ተኝቻለሁ።»

ጫሊ ስልክ ለመደወል ወጣ። ሸዋርጋ ወንበሯን ወደ ጀሊል አስጠጋች።

«በስብሰባው ላይ የሚስቴ ደም አንተ ላይ ነው ብለኸዋል።»

«ብያለሁ። አልክድም። ኢፍቱን ቃሬዛ ላይ ይዘናት ስንወጣ ውሃ ስጡኝ ትል ነበር። ጅብራው ካለበት ስንደርስ መጠየቅ ተወች። ያን ማቆያ የከለከለንን ሰው ስም ሳውቅ...» በትሩን ጨበጠ። «ልገድለው አስቤያለሁ። ዚያራ የሄድኩት ለዚያ ነው። ሐሳቡን እዚያ ጥዬው ልመጣ።»

«የከለከላችሁ ቲቸር ኃይለልዑል መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ዓብዱልፈታሕ ነዋ። ማራችንን የሚገዛን እሱ ነው። በመጣ ቁጥር እኔ ለእናንተ ጮኼ ነበር፣ አስተማሪው ነው እምቢ ያለው ይለናል። አንድ ቀን እንዲያውም፣ አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ? አለኝ።»

«ለሌላ ሰውስ ነግሯል?»

«ለሪራ ሁሉ።»

ጫሊ ተመልሶ ገባና ራሱን ነቀነቀ። ነርሱ ጀሊልን አስታውሶታል፤ ሐሙስ ዕለት ግሉኮስ ተሰክቶለት ነበር። እዚያ የተኛ ሰው በዚያው ጠዋት ሳነቴ ላይ ሊሆን አይችልም።

ሸዋርጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ቆየች። ዓብዱልፈታሕ በእጁ አልገደለም። ግን ለአንድ መንደር ሙሉ ማንን መግደል እንዳለበት ሲያመለክት ኖሯል። አንዱ ሰምቶታል።

*

«ብስኩቱ የተገዛው ከጎባ ነው» አለች በማግስቱ ለጫሊ። «ከጎባ ወዲያ ሱቅ የለም።»

የከተማው የመጨረሻ ሱቅ የጁሀራ ነው። ጁሀራ ገና የቲቸር ስም ሲነሳ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

«እኔ ጋ ቆሟል። ብስኩት ስጪኝ አለኝ። ቲቸር፣ ስኳርዎን ረሱት? ብዬ ቀለድኩበት። ለኔ አይደለም፣ እንግዳ ይዣለሁ አለኝ።»

«እንግዳውን አየሽው?»

«መስታወቱ ጉም ይዞ ነበር። ፊት ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። የተከናነቡ። ሴት ናቸው መሰለኝ።» ትንሽ አሰበች። «እንዲያውም፣ እናቴ በባዶ ሆዳቸው ናቸው ነው ያለኝ። እናቱ ደግሞ የሉም እኮ።»

መኪናው ውስጥ ሆነው ጫሊ፣ «አሮጊት?» አለ። «አሮጊት ሴት እንዴት አድርጋ...»

«ጎማ ለማጥበቅ ያጎነበሰ ሰው ላይ ድንጋይ ለመጣል ጉልበት አይጠይቅም» አለች ሸዋርጋ። «ካፖርቱንም የወሰደበት ሰው የለም። እሱ ራሱ አውልቆ ነው ያለበሳት።»



*

የማዋለጃ አልጋውን ሪራ ያደረሰችው ሰቢሪና ናት። ሸዋርጋና ጫሊም አሮጊቷን ፍለጋ ከኋላዋ ተከተሉ። ሳነቴን ጨርሰው በአስታው ጫካ መሐል ቁልቁል ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉ እየረዘመ መጣ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ጠበቃቸው።

ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው፤ ጠብ የሚበርደው፣ ምርቃት የሚወርደው በእሱ ነው። ሸዋርጋ ጎባ ተወልዳ ስላደገች ይህን ታውቃለች። ምርቃቱን የምትጀምረው በዕድሜ ትልቋ መሆኗንም ታውቃለች።

የጀመረችው ግን መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሃጂራ የምትባል ሴት ናት። ትልቋ ሴትዮ ከአጥሩ ሥር ለብቻዋ ቆማለች። እጇ ባዶ ነው።

ምርቃቱ ሲያበቃ ሸዋርጋ ሃጂራን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«እኚያ እናት ለምን አልመረቁም?»

«አዴ ሞሚና? እጄን አሞኛል አሉ። ከሐሙስ ጀምሮ ሲንቄ አልያዙም።» ሃጂራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሄ ማዋለጃ የልጃቸው ደም ነው። የኢፍቱ እናት ናቸው እኮ። ከፍቷቸው ይሆናል።»

«ሐሙስ ከየት መጡ?»

«ከጎባ ገበያ። ከላይ በእግራቸው ወረዱ። መኪና አላገኘሁም አሉ።»

*

የሞሚና ቤት ጫካው ጠርዝ ላይ ነው። ሸዋርጋ ጫሊን ደጅ ትታ ብቻዋን ገባች። ሞሚና መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የመጣችበትን ያወቀች ትመስላለች።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ?»

«ናጋ። ተቀመጪ።»

«ሲንቄዎ የት አለ?»

ሞሚና በአገጯ ወደ ግድግዳው አሳየቻት። «አንቺ የጎባ ልጅ ነሽ ይላሉ። ደም የነካ እጅ እንደማይነካው ታውቂያለሽ።»

ተነስታ ወደ ውስጥ ገባችና ጥቁር ካፖርት ይዛ ተመለሰች። በጥንቃቄ ተጣጥፏል።

«ይሄንንም ትፈልጊዋለሽ። ለብሼው መሄዴን ያወቅሁት እዚህ ስደርስ ነው።»

ሸዋርጋ ካፖርቱን ተቀበለች። «ንገሩኝ።»

«ከገበያው ማግስት ጎባ መውጫ ላይ ቆሜ መኪና አጣሁ። እሱ ራሱ ቆመልኝ። እናቴ፣ ወዴት ነው? አለኝ። እኔ አውቀዋለሁ፤ እሱ አላወቀኝም። ልጠይቀው ነበር ሐሳቤ፤ በኢፍቱ ስም ልጠይቀው። ብስኩት ገዛልኝ። ሳነቴ ላይ ስንቀጠቀጥ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰኝ።»

«እና ገደሉት?»

«ጎማው ፈነዳ። የት ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ኢፍቱ ከሞተችበት ትንሽ አለፍ ብሎ። እኔም ወረድኩ። ብሎኑን እያጠበቀ ለሪራ ማዋለጃ አልጋ ይዣለሁ እናቴ አለኝ። ደስ ብሎታል። ዘግይቷል፣ አንዲት ልጅ እዚሁ መንገድ ላይ ሞታብናለች፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ።» እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «በገዛ አፉ አመነ ልጄ። ኢፍቱ የእናቴን እጅ ስጡኝ እያለች ነው የሞተችው። ድንጋዩን አነሳሁት።»

«ከዚያስ?»

«ቀለለኝ። ለምን እዋሽሻለሁ? በዚያን ቀን እንደ ሰው ተኛሁ። ብትሰቅሉኝም ቀሎኛል።»

ሸዋርጋ ይህን ፊት አየችው፤ የረካ ፊት። ቀጥሎ ያለውን መናገር አልነበረባትም። ሞሚና ቃሏን ሰጥታለች፣ ካፖርቱን አስረክባለች፣ ለምርመራው የሚጎድል ነገር የለም። ሳትናገር ብትሄድ ሞሚና እንደቀለላት ትኖር ነበር። ሸዋርጋ ግን እንዲቀልላት አልፈለገችም።

«አዴ ሞሚና፣ ለሪራ ይሰጥ ሲባል እጅ ያወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ውጭ ያለችው ሰቢሪና ናት። ሁለተኛው እሱ ነው።»

ሞሚና አልገባትም። «ማን?»

«የገደሉት ሰው። የከለከላችሁ ዓብዱልፈታሕ ነው። ድጋፉን ለአማቹ አዞረው። ይሄን አልጋ ዘንድሮ ታግሎ ያመጣላችሁ የገደሉት ሰው ነው።»

«ራሱ ጥፋቱ የኔ ነው አለኝ እኮ።»

«እሱ እንደዚያ ነበር። ክፍል ውስጥ ስንረብሽ እንኳን አላስተማርኳችሁም ነበር የሚለው።»

ሞሚና ወደ ፊት እየተንፏቀቀች መሬቱ ላይ ተቀመጠች፤ መደቡ የከዳት ይመስል።

«ዓብዱልፈታሕ ገበያው መሐል ጠራኝ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ነገ ብቻውን ሪራ ይሄዳል አለኝ። የልጅሽ ደም ያለው እሱ ጋ ነው፣ ጎባ መውጫ ላይ ቆመሽ ጠይቂው አለኝ። ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለኝ።»

«በዚህ ላስረው አልችልም። ጠይቂው ማለት ወንጀል አይደለም። እሱንም አላልኩም ብሎ ይምላል።»

ሞሚና ቀና አለች። ዓይኗ ውስጥ የነበረው እርካታ ጠፍቶ ሌላ ነገር ገብቶበታል። ሸዋርጋ ያን ነገር ታውቀዋለች፤ እሷም ውስጥ ከሐሙስ ጀምሮ አለ።

«ሕዝብ ባለበት ውሰጂኝ» አለች ሞሚና። «አንድ ጊዜ ብቻ ልናገር።»

*

«ኢንስፔክተር፣ ይሄ ደንብ አይደለም» አለ ጫሊ። የጉርሙ ቀን ነበር፤ የሮቤ አዳራሽ በር ላይ ቆመዋል።

«አውቃለሁ። ብትፈልግ እዚህ ጠብቀኝ።»

ጫሊ ቆቡን አስተካክሎ በሩን ከፈተላቸው።

ዓብዱልፈታሕ መድረኩ ላይ ነበር። ከኋላው የኃይለልዑል ፎቶግራፍ በአበባ ተከቧል። «ወንድማችን ለዚህ ሕዝብ ነው የሞተው» እያለ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው ቃሉን ያስተጋባል። ሞሚና በሁለት ፖሊሶች መካከል ስትገባ ንግግሩን አቋረጠ።

ሞሚና መድረክ አልወጣችም። መካከለኛው መተላለፊያ ላይ ቆማ በኦሮምኛ ተናገረች፤ ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም።

«ኃይለልዑልን የገደልኩት እኔ ነኝ። እኔ ሞሚና፣ የኢፍቱ እናት። ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ማንን እንደምመታ ያሳየኝ ግን ያ የቆመው ሰው ነው። ልጄን የከለከላት እሱ ነው። የሰጣትን ሰው ጠላትሽ ነው ብሎ አስገደለኝ።»

«ይህቺ ሴትዮ ታማለች» አለ ዓብዱልፈታሕ። «ኢንስፔክተር፣ አውጫት!»

ሸዋርጋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ሰቢሪና ከቦርዱ ወንበር ተነሳች። «እጅ ያወጣነው ሁለት ነበርን» አለች። «እኔና ቲቸር። ድጋፉ የሄደበት ቤት ደግሞ ባዶ ነው። ጎባ ያላችሁ ሄዳችሁ እዩት።»

ጀሊል ከኋላ ቆመ። «ለኔም ነግሮኛል። ወንድ አይደለህም ወይ ብሎኛል።»

ሲናና ላይ ሲስቁ የነበሩት ሽማግሌ ገበሬ ተነሱ። አሁን አልሳቁም። «የኛ ስንዴ ሰው ማስገደያ አይደለም» አሉ። «እርሻዬን ሌላ ኮምባይነር ያጭደዋል። ባይገኝ በማጭድ አጭደዋለሁ።» ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ቀጥሎ የነበረው ወጣ። የሪራ ማር አምራቾች ተከተሉ። ሰዉ አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ወንበሩ እየተንኳኳ ረድፉ አንድ በአንድ ተራገፈ። ዓብዱልፈታሕ ስማቸውን እየጠራ ሊያስቀምጣቸው ሞከረ። ማንም ዞሮ አላየውም። አማቹ ራሱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ በጎን በር ሾልኳል።

በመጨረሻ ድምፅ ማጉያው ውስጥ የሚሰማው የራሱ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ሸዋርጋ ያን ትንፋሽ እስኪበቃት ሰማችው። ከዚያ የሞሚናን ክንድ ይዛ ወጣች።

*

ደጅ እኅተማርያም ቆማ ነበር። ሸዋርጋ ልመናዋን አስታውሳ ጠዋት መልእክት ልካላታለች። ጥቁር ለብሳለች። በመስኮት ሁሉንም ሰምታለች።

ሸዋርጋ በመካከላቸው ልትገባ አሰበችና ተወችው። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ዕድሜ ናቸው ማለት ይቻላል። እኅተማርያም ቀረብ ብላ የሞሚናን ፊት አየች፤ ግንባሯን፣ የጉንጯን ስንጥቅ፣ አልቅሶ የደረቀ ዓይኗን። ጠብቃው የነበረው ፊት ይህ አልነበረም። ልትመታት ያነሳችው እጅ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ መጣ።

«እሱ ቢሆን ይቅር ይልሽ ነበር» አለች። «እኔ ግን እሱ አይደለሁም።»

ሞሚና ዓይኗን ሳትሰብር አየቻት።

«እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አልልም ነበር» አለች።